አሥራ ዘጠነኛው ደረጃ

በከተማችን የገደል አፋፍ ላይ ከሚታዩት የድንጋይ ግንቦች ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ብኩራራም ያምርብኛል። የሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ቱንቢ አጣጣልም ሆነ ማዕዘን አያያዝ ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ጥሎት የሄደውን የቤት ፕላን ሦስት ወር ትራሴ ሥር አድርጌ፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚል ራሴን አስተማርኩት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ልጆች ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ይመጡና "ጋሼ፣ ይህ ግድግዳ ፎቅ ይሸከማል?" ይሉኛል። በመዶሻዬ እጀታ አንኳኩቼ እነግራቸዋለሁ። ተሳስቼ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ግን ተሳስቻለሁ። የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ በገና ሰሞን ደወለችልኝ።

"አባዬ፣ የእማሆይን ዘጠና ዓመት ልናከብር ነው።"

እማሆይ የምትላቸው እናቴን ነው።

"ማን ቆጠረው?" አልኳት።

"እኔ ቆጠርኩት። ጣልያን በገባ በዓመቱ ተወለድኩ ይሉ የለ? ትንሽ ቢያልፍ ቢጎድል ነው።"

"በእኛ አገር ልደት የሚከበርላቸው ጌታና የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ያነጸው ንጉሥ ናቸው። ያውም ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ።"

"እማሆይ ሦስተኛ ይሁኑና!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ "ቤት ውስጥ ግን አይሁን። ቤት ከሆነ ሴቶቹ ወጥ ቤት ገብተው ይቀራሉ፤ ማንም ከማንም ጋር አይጫወትም። አንድ ቀን ሁላችንም እኩል ቁጭ ብለን እንብላ። ደህና ሬስቶራንት፣ ምርጥ የሚባለውን ፈልግልን። ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እናቴ መነኩሲት ነበሩ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ እናቴ ዓመቱን ጠብቀው ቆብ ደፉ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም አንቺ ማለቱን ትቼ እንደ ሰዉ ሁሉ እማሆይ እላቸው ጀመር። በግቢዬ ውስጥ በራሴ እጅ በሠራሁላቸው አንዲት ክፍል ነው የኖሩት። ክፍሏን የጨረስኩ ዕለት፣ ግድግዳው እንደ እንቁላል የለሰለሰ ነበር፤ እናቴ ዞረው አዩትና "በሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢዞር ምን ነበረበት?" አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ይህ የቆየ ነገር ነው። ከእኔ በፊት ሦስት ሕፃናት ሞተውባቸዋል። እኔ ስወለድ ካደገልኝ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ ብለው ተሳሉ። አደግሁላቸው። ከዳዊት አልፌ ዜማ ቤት ገባሁ፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ ግን ጠፍቼ ለግንበኞች ውሃ ማመላለስ ጀመርኩ። እናቴ የሥራው ቦታ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጭቃ የተለወሰ እጄን አይተው፣

"ድንጋይ ቀጥቃጭ ልሆን ነው በለኛ!" አሉኝ።

መልስ አጥቼ አላውቅም። "ይህን አገር ያስከበረው ድንጋይ ጠራቢ አይደል?" አልኳቸው።

"እነሱን መላእክት ረድተዋቸዋል። አንተን ማን ይረዳሃል?"

ነጠላቸውን አጣፍተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። ከወገል ጤና እስከ ሙጃ ሰው ስሜን እየጠራ ቤት አሠርቷል። የማላውቃቸው ሰዎች በመንገድ አስቁመው እጄን ስመውታል። ከእናቴ አፍ ግን "ደህና ሠርተሃል" የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ልጄ ስለ ሬስቶራንት ስታወራ እኔ የማስበው ይህን ነበር። ሳይሞቱ ያን ቃል መስማት ፈለግሁ።

ልጄ ከጥምቀት በኋላ በአውሮፕላን መጣች። ሁለት ልጆቿን ይዛለች፤ ወንዱ አሥራ ስምንት፣ ሴቷ ሰባት ዓመቷ ነው። በማግሥቱ እኔና እሷ ሦስት ቦታ ለማየት ወጣን።

የመጀመሪያው ዋናው መንገድ ዳር ያለ አዲስ ፎቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ መስታወት፣ መስታወቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ግድግዳውን አንኳኳሁት። አስተናጋጁ ሮጦ መጣና "አባባ፣ ምን ልታዘዝ?" አለኝ።

"ግድግዳችሁ ውስጡ ባዶ ነው" አልኩት።

ልጄ እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ሁለተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ የአትክልት ስፍራ ያለው ሎጅ ነው። ባለቤቱ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበለን። መሬቱ ሜዳ ነው፤ መኪና እስከ ጠረጴዛው አጠገብ ይደርሳል። የወይራ ጥላ አለው። ወጥ ሠሪዋ የገነተ ማርያም ሴት ናት፤ የጾም ምግብ አሠራሯን ስትነግረን ልጄ ምራቋን ዋጠች።

"አባዬ፣ በቃ ይሄ ነው።"

"አጥሩ ወደ ውጭ አዝምሟል" አልኳት።

"አጥሩን ልንበላው ነው?"

"ያዘመመ አጥር ያለው ሰው ወጡም ያዘመመ ነው።"

ሦስተኛው አፋፉ ላይ ያለው ነው። የሕንጻው ግድግዳና ወደ እሱ የሚያስወጣው ደረጃ የእኔ ሥራ ናቸው፤ ከሠራኋቸው ትልቁ ይህ ነው። ቀይ ድንጋይ ነው፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ምላጭ አያስገባም። ደረጃው በግራ በኩል ግድግዳዬን እየታከከ ይወጣል፤ በቀኝ ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ እስከ ሰማይ ጥግ የተደረደሩት የላስታ ተራሮች ይታያሉ። በነዚያ ክፉ ዓመታት እንግዳ ስለራቀው፣ አሥራ አራት ሰው እናመጣለን ስንል የአስተናጋጆቹ ፊት በራ።

ልጄ እየወጣች ትቆጥር ነበር። ላይ ስትደርስ ቁና ቁና ተነፈሰች።

"ሠላሳ ሁለት ደረጃ! እማሆይ ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ አባዬ።"

"እኔ የሠራሁት ደረጃ ሰው አይጥልም።"

እዚህ ላይ ለልጄ ያልነገርኳትን እነግራችኋለሁ። አሥራ ዘጠነኛው ደረጃ ከሌሎቹ በአራት ጣት ከፍ ይላል። ያ ድንጋይ፣ ድንጋይ ከምናወጣበት ካባ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ውብ ነበር፤ ሰፊ፣ ሙሉ፣ ቀለሙ እንደ ማር። አራት ሰው ተሸክሞ አመጣልኝ። ልጠርበው ስል ውስጡ ስንጥቅ እንዳለው መሮዬ ነገረኝ፤ ከላዩ ብቀንስለት ለሁለት ይከፈላል። ለምረቃው ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ሌላ ድንጋይ ከማስመጣ ብዬ እንዳለ አስቀመጥኩት። ለሠራተኞቼ "ዓይን አይለየውም" አልኳቸው። እውነት ነው፤ ዓይን አይለየውም። እግር ግን ይለያል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ እዚያ ላይ ሲደናቀፍ አይቻለሁ። ለአስተናጋጆቹ "ወደ ገደሉ እያዩ ስለሚወጡ ነው" ብዬ ነገርኳቸው፤ እነሱም ለእንግዳው ሁሉ ይህንኑ ይላሉ።

የሬስቶራንቱ ባለቤት "እናትዎን በወንበር አድርገን እናወጣቸዋለን" አለ። ለእሑድ እራት ጨረስን።

በመንገድ ላይ ልጄ "መነኩሲት ሬስቶራንት ትገባለች እንዴ?" አለችኝ። ይህንንም አስቤበት ነበር። ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ የሸክላ ድስት ከገበያ ገዝቼ፣ የእናቴ ሽሮ በእሱ ብቻ እንዲሠራ ለሬስቶራንቱ ሰጠሁ። ለማንኛውም ብዬ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው፤ መስቀል ተሳለምኩ።

"አባ፣ እማሆይን እሑድ ሬስቶራንት ልወስዳቸው ነው።"

"ምን ልትወስዳቸው?"

"ትልቅ ቦታ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"አንተ ስለሠራኸው ጠበል ተረጨበት ማለት ነው?" አሉና መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ቆብ የደፋ ሰው ሥጋና መጠጥ ከሚቀርብበት ጣሪያ ሥር አይበላም።"

"አዲስ ድስት ገዝቻለሁ።"

"ድስቱ መልካም። ጣሪያውስ?"

ልሰናበታቸው ጎንበስ አልኩ።

"ለመሆኑ እሳቸውን ጠየቅሃቸው?"

ባለ ሎጁን ጠይቄያለሁ፤ አስተናጋጆቹን ጠይቄያለሁ፤ ድስት ሻጯን ሳይቀር ጠይቄያለሁ። እናቴን አልጠየቅኩም።

ማታውን ወደ ክፍላቸው ገባሁ። መደባቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ነገሩን ነገርኳቸው።

"የእኔን ልደት?"

"አዎ፣ እማሆይ።"

"ቆብ ስደፋ ፍትሐት ተደርጎልኛል። አንተም ቆመህ ሰምተሃል። ለዓለም የሞተች ሴት ልደት ሲከበርላት የት አየህ?"

"ልጆቹ ከሩቅ መጥተዋል።"

"ልጆቹማ ይምጡ።" መቁጠሪያው አንድ ሁለት ፍሬ ተራመደ። "ቤቱን የመረጥከው ለእኔ ነው ወይስ ለራስህ?"

መልስ አጥቼ አላውቅም ብያለሁ። ያን ጊዜ አጣሁ። ቆይቼ "ግድግዳውን እንዲያዩልኝ ነው" አልኳቸው።

"ዓይኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። ታውቃለህ።"

አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዤ ከበር የማወጣቸው እኔ ነኝ። ከተማው ውስጥ ካለው ሁሉ ብዙ የሚታይበትን ቦታ ለእሳቸው ስመርጥ ግን አንዴም አልመጣልኝም። ወለሉን አየሁ። ወለሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ።

"እመጣለሁ" አሉ በመጨረሻ። "አልበላም እንጂ እመጣለሁ።"

እሑድ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከደረጃው ሥር ደረስን። አሥራ አራት ነን፤ ከእናቴ እስከ ታናሽ ወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ታቅፈን ያመጣነው ሕፃን ድረስ። ወንበሩ ተዘጋጅቷል፤ የልጄ ወንድ ልጅና አንድ አስተናጋጅ ሊሸከሙ ቆመዋል። እናቴ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱት።

"ሬሳ ልታወጡ ነው? ቁጭ አድርጉት።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ከድንጋይ ደረጃ ፊት ሲቆሙ ጫማ ማውለቅ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው ነው፤ ወዴት የሚወጣ ደረጃ እንደሆነ አልጠየቁም። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄም አየቻቸውና ጫማዋን አወለቀች። እናቷ "ይበርድሻል" ብትላት አልሰማችም።

በግራ እጃቸው ግድግዳዬን እየዳሰሱ፣ በቀኝ የልጅቷን ትከሻ ይዘው መውጣት ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ያ ቀጭን እጅ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሲተላለፍ አየሁ። ጣታቸው መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ጥቂት ቆም ይልና ያልፋል። ሃምሳ ዓመት የጠበቅኩት ይህንን ነው። ምንም አላሉም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደረጃ እየወጡ ያርፋሉ። ከታች የመጡት ሁሉ በእሳቸው እርምጃ ይከተላሉ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ወደ አሥራ ዘጠነኛው ማየት አቃተኝ። "እማሆይ፣ እዚህ ላይ ከፍ አድርገው" ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ካልኩ ግን ልጄም፣ የልጅ ልጆቼም፣ አስተናጋጆቹም ይሰማሉ። ዋጥኳት።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ እግራቸው ድንጋዩን መታ። ወደ ፊት ወደቁ። ጉልበታቸው ድንጋዩ ላይ አረፈ፤ ልጅቷ ጮኸች፤ ወንድሟ ከጎን ዘሎ ክንዳቸውን ያዘ።

ከላይ ቆሞ የነበረው አስተናጋጅ እየሮጠ ወረደ። እንደለመደውም "አይዞዎት እማሆይ፣ ወደ ገደሉ እያዩ ስለሚወጡ ነው፤ ሁሉም እዚህ ላይ ይደናቀፋል" አላቸው።

እናቴ ጭንቅላታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"እኔ ገደል አላይም" አሉ።

እናቴ ተንበርክከው እንዳሉ በመዳፋቸው የድንጋዩን ከንፈር ለኩት። ወደ ታች ወርደው ያለፉትን ደረጃ ለኩ። ተመልሰው ይህን ለኩ።

"ይህችን ማን አስቀመጣት?"

ሠራተኛ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ድንጋዩን ከተሸከሙት ከአራቱ ሦስቱ ሞተዋል፤ እዚህ የሚያስተባብለኝ የለም። ልጄ ታየኛለች። አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ልጇ፣ "አያቴ ነው የሠራው" እያለ ከታች ጀምሮ ፎቶ ሲያነሳ የነበረው፣ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ያየኛል።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቀህ ነው?"

"አውቄ ነው፣ እማሆይ። ድንጋዩ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ብጠርበው ይከፈላል። ቸኮልኩ። ዓይን አይለየውም ብዬ ተውኩት።"

"ስንት ሰው ወደቀባት?"

"ብዙ ሰው ተደናቅፏል። የወደቀ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።"

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እናቴ ልጆቹን ተደግፈው ሊነሱ ጀመሩ፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡና ዞረው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን በጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ጉልበታቸውን አሻሹ። ሲመሽ የምትገባው ፀሐይ ፊታቸው ላይ ነበረች፤ ሙቀቷ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አገጫቸውን ከፍ አደረጉ።

"ሞቋል" አሉ ድንጋዩን እየዳሰሱ። ቆይተው "ጣሪያው የት ነው ያለው?" አሉኝ።

"ላይ ነው። ገና አሥራ ሦስት ደረጃ ይቀራል።"

"እዚህ ላይስ ጣሪያ አለ?"

"የለም፣ እማሆይ።"

"እንግዲያ አምጡና እዚሁ እንብላ። ርቦኛል።"

ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ሄደ። ባለቤቱ ከላይ መጥቶ እጁን እያፍተለተለ "ኧረ ጠረጴዛው በአበባ ተሰናድቷል" ቢል የሰማው የለም። ሰዉ ባለበት ተቀመጠ፤ ከእናቴ በላይም በታችም፣ ደረጃው ለደረጃው። አስተናጋጆቹ በጥቁር ሰደሪያቸው ትሪውን ይዘው ሲወርዱና ሲመለሱ ሁሉም አሥራ ዘጠነኛው አጠገብ ሲደርሱ እግራቸውን ያነሳሉ፤ ለካስ ያውቁታል። የሸክላው ድስት ለእናቴ ብቻውን መጣ። ፊታቸውን በነጠላቸው ከለል አድርገው ባረኩና በሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ለልጅቷ አንድ ጉርሻ ጠቀለሉላት፤ ካጎረሷት በኋላ እኔን በእጃቸው ፈልገው አገኙኝና ለእኔም አጎረሱኝ። የሰባ ዓመት ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ።

ልጄ ያስጋገረችው ኬክ ወረደ፤ አንድ ሻማ በርቶበታል። ልጅቷ "እማሆይ፣ እፍ ይበሉ!" አለቻቸው።

"አብርቶ መልሶ ማጥፋት ምን ይባላል? ተይው፣ ራሱ ይለቅ።"

ስለዚህ ነፋሱን በእጃችን ከልለን፣ ሻማው ኬኩ ላይ ቀልጦ እስኪያልቅ ጠበቅን። ከታች ከተማው ውስጥ የሠርክ ደወል ተሰማ፤ እናቴ አማተቡ።

ስንነሳ እጃቸውን ያዝኩ። ስለ ግድግዳው ልጠይቃቸው ነበር፤ ተውኩት። እሳቸው ግን ቆመው ድንጋዩን በእግራቸው ጣት ነካ አደረጉት።

"ለመቀመጫ ጥሩ ድንጋይ ነው" አሉኝ። "ለደረጃ ግን አይሆንም። ሰው ሳይሰበርብህ አውጣት።"

በዚያው ሳምንት አወጣሁት። ሦስት ወጣቶች ይዤ ሄጄ፣ ባለቤቱ "ምን ሆኖ?" እያለ ሲከራከረኝ፣ መሮዬን አስገብቼ ፈነቀልኩት። በምትኩ ከሌሎቹ እኩል የሆነ አኖርኩ፤ ውሃ ልክ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ ለካሁት። ለአስተናጋጆቹም "ስለ ገደሉ የነገርኳችሁን ከእንግዲህ እንዳትሉ" አልኳቸው። የሚያምረውን ድንጋይ በጋሪ ጭኜ ወደ ግቢዬ አምጥቼ ከእናቴ ክፍል በር ፊት ለፊት ተከልኩት፤ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞርኩት።

እናቴ ዐቢይ ጾም እስኪጋመስ ድረስ ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ፀሐይ ሞቁ። ከዚያ አንድ ቀን ሳይነሱ ቀሩ። ሁለተኛው ፍትሐታቸው ሲደረግ ከቄሶቹ በስተኋላ ቆሜ ሰማሁ፤ ከዜማ ቤት የወጣሁ ሰው ነኝና የቱ ጋ እንደደረሱ አውቅ ነበር።

አሁን ድንጋዩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ላይ ሆኜ ነው። በሕይወቴ ስንት ሺህ ድንጋይ እንዳነጠፍኩ አላውቅም፤ እናቴ መልካም ነው ብለው የመሰከሩልኝ ለዚህ አንድ ብቻ ነው። ከካባው ውስጥ ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል መርጬ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።